አስካለ ቀና ብላ አላየችኝም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ስዘረዝርላቸው ኖሬያለሁ። እዚህ ጋ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ። እሳቸው "ሌላስ?" ይሉኛል። እኔ "ሌላ የለም አባቴ" እላለሁ። ባሌም አያውቅም። ልጆቼም አያውቁም። የወለደኝ አባት ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ዓይን ዓይኔን እያየ ጠይቆኝ እንኳ አልተናገርኩም።

እናንተን አላውቃችሁም። ስለማላውቃችሁ ይሆን አፌ የተፈታው? ይሆናል። ስናገር ፊታችሁ ሲለወጥ አላይም፤ ይህም አንድ ፈሪነት ነው። ቢሆንም ስሙኝ።

አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ግድቡ ሲከፈት ውኃ ወሰዳት። መዝጊያውን የከፈተው አባቴ ነው፤ "ክፈት" ብዬ ምልክት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል፤ ያለቅሳል፤ ይቅር ይባላል። የእኔ በደል ግን ከሞተች በኋላ የተናገርኩባት ነው። ውኃው የገደላት አንድ ጊዜ ነው። እኔ ስንት ጊዜ እንደገደልኳት ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ያደግሁት ከዘመሮ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። እዚያ የመንዝ ደጋ ያልቅና ገደሉ ይጀምራል። ወንዙ በሁለት ቋጥኞች መካከል ሲጠብ፣ ጥበቱ ላይ የድንጋይ ግድብ አለ። ጣሊያን ጀምሮት ሳይጨርሰው ወጣ፤ በጃንሆይ ጊዜ የአገራችን ግንበኞች በኖራ እያያያዙ ጨረሱት ይላሉ ሽማግሌዎች። ከግንቡ በላይ ውኃው ዝም ብሎ ተኝቷል። ከግንቡ በታች ጭንጫ ነው፤ ፀሐይ የሚገባው ረፋድ ላይ ነው። የታችኞቹ መንደሮች ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ ውኃ በቦይ እየጠለፉ ነው።

አባቴ ደምሴ የግድቡ ዘበኛ ነበር። ሰው ጋሽ ደምሴ ይለዋል። ጃንሆይ ወርደው ደርግ ሲመጣም፣ ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባም መዘውሩን የሚያዞረው እሱ ነበር። ክረምት ሲወጣ ግድቡ ደለል ይሞላል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ጠዋት ከግንቡ እግር ያለውን የብረት መዝጊያ ከፍቶ ደለሉን በውኃው ኃይል ያስወጣዋል። ያን ጊዜ ከታች ያለው ወንዝ፣ ከጉልበት የማያልፈው ወንዝ፣ በቅጽበት በሬ የሚያንከባልል ይሆናል።

ለዚህ ነው ጥሩምባ የነበረን። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች፤ እህት ወንድም የለኝም፤ ቤት ስሆን ጥሩምባው የእኔ ሥራ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው። ከግድቡ ሽቅብ ወደ ጥሪ ድንጋይ ትወጫለሽ። ከዚያ ሆነሽ መሻገሪያውንና ሴቶች የሚያጥቡበትን ቦታ ታያለሽ። ሰው ኖረም አልኖረም ሦስት ጊዜ ትነፊያለሽ። ሰባት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ትደግሚያለሽ። እንደገና ታያለሽ። ከዚያ ነጠላሽን ለአባትሽ ታውለበልቢያለሽ። አባቴ መዘውሩ ጋ ሆኖ ከግንቡ በታች ያለውን አያይም። የሚያየው እኔን ብቻ ነው።

"እኔ እጅ ነኝ፤ ዓይኑ አንቺ ነሽ" ይለኝ ነበር።

አስካለ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ። የእማማ ትርንጎ ልጅ ናት፤ ጎረቤታችን። በስድስት ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ወደ ግሼ ተድራ ሄዳ፣ ልጅ አልወለደችም ተብላ ባሏ ፈቷት ተመለሰች። ስትመለስ ሰው ሁሉ አንገቷን ትደፋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጠጉር ትገዛ ነበር፤ የበግ ጠጉር። ታጥባለች፣ ትባዝታለች፣ ትፈትላለች፤ ክሩን ለባና ሠሪዎች ትሸጣለች። እንዝርት የያዘ እጇ አያርፍም፤ መንገድ ስትሄድ እንኳ ትፈትላለች። እኔ ለትምህርት መሐል ሜዳ ቤት ተከራይቼ ስሄድ "የመሐል ሜዳ ብርድ አጥንት ይበላል" ብላ ከራሷ ክር ያሠራችውን ባና ሰጠችኝ። አራት ዓመት እሱን ለብሼ ተኝቻለሁ። ከዚያ በኋላም፣ የተናገርኩትን ከተናገርኩ በኋላም፣ እሱኑ ለብሼ ተኝቻለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ?

ቀኑ መስከረም ውስጥ ነበር። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት መሐል ሜዳ ተለጥፏል የሚል ወሬ ደረሰኝ። የዘመሮ ገበያ ቀን ነው፤ ከዘመሮ ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው አይሱዙ በአራት ሰዓት ይነሳል፤ እሱ ካመለጠኝ ሌላ የሚገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አባቴ ደግሞ ያን ጠዋት ደለል ሊለቅ ነው። "ነፍተሽልኝ ሂጂ" አለኝ። እሺ አልኩ።

ያቺኑ አንድ ጫማዬን አድርጌ፣ የታጠበ ቀሚሴን ለብሼ ወጣሁ። ሌሊት ዘንቦ አድሯል። ሽቅብ ስወጣ አንድ እጥፋት ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግራው ወደ ጥሪ ድንጋይ፣ ቀኙ ወደ ዘመሮ። የግራው ጭቃ ነበር። እዚያ ቆምኩ። ዛሬ ገበያ ነው፤ ሰው ሁሉ ዘመሮ ወጥቷል፤ ከታች ማን ይኖራል? አልኩ። ከእጥፋቱ ላይ አባቴ ይታየኛል፤ እኔም እታየዋለሁ። ያለሁት ድንጋዩ ላይ ይሁን እጥፋቱ ላይ ከዚያ ርቀት አይለይም።

ታዲያ ቢያንስ ለምን አልነፋሁም? ጥሩምባው ትከሻዬ ላይ ነበር። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከእጥፋቱ ብነፋ ድምፁ ከቅርብ ይሰማል፤ አባቴ ድንጋዩ ላይ አለመውጣቴን ያውቃል፤ ይቆጣኛል ብዬ ነው ያልነፋሁት። አያችሁ? ረስቼ አይደለም። አስቤበት ነው።

ነጠላዬን ሁለት ጊዜ አውለበለብኩ። አባቴ እጁን አነሳልኝ። ጥሩምባውን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኩና ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። መዝጊያው ሲከፈት የሚሰማው ጉርምርምታ ከኋላዬ መጣ። ዞሬ አላየሁም። አይሱዙው እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ነበር።

ውጤቴ ጥሩ ነበር። ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚያበቃ። መሐል ሜዳ አድሬ በማግስቱ ስመለስ፣ ቁልቁለቱን ብቻዬን እየሳቅሁ ወረድኩ። መንደራችን መግቢያ ላይ አንዲት ጎረቤታችን እያለቀሰች አገኘችኝ።

"አስካለን ውኃ ወሰዳት፤ አልሰማሽም?" አለችኝ።

"መቼ?"

"ትናንት ጠዋት። አባትሽ ሲለቅ። ጥሩምባው ተነፍቶ እንዴት እንዳልወጣች ለሰው ሁሉ ግራ ገባው።"

ጥሩምባው ተነፍቶ። እኔ ሳልደርስ አባቴ ለሰው ተናግሮ ነበር። ቤት ስደርስ በራፉ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ስለ ውጤቴ አልጠየቀኝም።

"ነፍተሻል አይደል?" አለኝ።

"ነፍቻለሁ አባዬ።"

"ድንጋዩ ላይ ወጥተሽ?"

"ወጥቼ።"

ትንፋሹን ለቀቀ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ያን ጊዜ ለአባቴ ብዬ ነው የዋሸሁት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አባበልኩ! እውነቱን ብናገር ያስሩታል፤ ደም አፍስሷል ይሉታል፤ አርጅቷል፤ እያልኩ። ውሸት ነው። ያሰብኩት ስለ ማሠልጠኛው ነው። ያሰብኩት ስለ ስሜ ነው። አባቴን አስቤ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ ድንጋዩ ላይ እወጣ ነበር።

አስካለ በሦስተኛው ቀን ታች አሸዋው ላይ ተገኘች። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመጧት። ሬሳዋ ከቅጥሩ በር ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጠና ሽማግሌዎቹ እዚያው ተሰበሰቡ፤ መምሬ ጥበቡም ነበሩ፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጥሩምባ ሰምታ ለምን አልወጣችም? ባሏ የፈታት ሴት፣ ልጅ የሌላት ሴት… ሰው ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሰውም። ግን ሁሉም የሚያስበውን አንተም አንቺም ታውቁታላችሁ። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለውም። ከቅጥር ውስጥም አይገባም።

እማማ ትርንጎ ተነሡ። አላለቀሱም። "እናንተ ሰዎች" አሉ፣ "ሞት የፈለገች ሴት ጠጉር ታጥባለች? ሂዱና እዩ። ግማሹን አጥባ ከላይ ድንጋዩ ላይ አስጥታዋለች። ውኃው አልደረሰበትም፤ እስከ አሁን እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላ ሲደርቅ ልትሰበስበው ነው ያሰጣችው። ልትሞት የሄደች ሰው የሚደርቅ ጠጉር ታሰጣለች?"

እውነት ነበረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አገጩን እያሻሸ፣ "እንግዲያው ምናልባት ጥሩምባው አልተነፋ ይሆን?" አለ።

አባቴ ብድግ አለ። "ተነፍቷል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አለና እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቶ ማለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እልፍነሽ፣ ነፍተሻል?"

"ነፍቻለሁ።"

"ሦስት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ከላይ ሆነሽ አይተሻታል?"

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ምክንያቱም እዚህ ላይ መውጫ ነበረኝ። "አላየኋትም" ብል ይበቃ ነበር። ምናልባት ከቋጥኙ ሥር ተከልላ ይሆናል፣ ምናልባት የወንዙ ድምፅ ጆሮዋን ደፍኖት ይሆናል፣ አደጋ ነው ብለው ይቀብሯት ነበር። እኔም ከነውሸቴ እተርፍ ነበር። ግን ከጥሪ ድንጋይ ላይ ሆኖ ማጠቢያውን ያላየ ሰው የለም። "አላየኋትም" ካልኩ "ድንጋዩ ላይ ወጥተሻል ወይ?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንዷን ውሸት ለማቆም ሌላ ባላ ፈለግሁ። ባላው የተገኘው ከአስካለ ነው።

"አየኋት" አልኩ። "ከነፋሁ በኋላ አየኋት። ቀና ብላ አየችኝ። ውጪ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። እሷ ግን ጠጉሩን ትታ ቁጭ አለች። ልጮህ ስል አባቴ መክፈት ጀምሯል፤ ጊዜ አልነበረም።"

ከየት አመጣሁት? ማን አስተማረኝ? ቃሉ አንድ በአንድ ተሰካክቶ ወጣ፤ አለቀስኩ እንኳ። ዕንባዬ እውነተኛ ነበር፤ ከሁሉ የሚያስጠላኝ እሱ ነው። ዕንባዬን አይተው አመኑኝ። ነጠላዬን ያውለበለብኩት እኔ ራሴ መሆኔን፣ ካየኋት ለምን እንዳውለበለብኩ ማንም አልጠየቀኝም። ያለቀሰችን ልጅ ማን መርምሮ ያስጨንቃል?

መምሬ ጥበቡ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ትርንጎ አዩኝ። በቁጣ አይደለም ያዩኝ፤ አንድ ያልገባቸው ነገር እንዳለ ዓይነት ነው ያዩኝ። "አየችሽ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ልጄ አየችሽ?"

"አየችኝ" አልኩ።

አስካለን ከቅጥር ውጭ ቀበሯት፤ ከቁልቋሉ ሥር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ። ፍትሐት የለም። ዲያቆን አልቆመም፤ ጥላ አልተዘረጋም። አራት ሰዎች ቆፈሩ፤ እናቷ ቆመው አዩ። አርባ አልወጣላት፣ ተዝካር አልተደገሰላት። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን ማሠልጠኛ ገባሁ።

ማስተማር ጀመርኩ። መሐል ሜዳ ተመደብኩ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ። "መምህርት እልፍነሽ" ተባልኩ። ልጆችን ሲዋሹ ስይዝ እቀጣ ነበር። እስቲ ይታያችሁ!

ለበዓል ወደ መንደሬ ስወርድ እማማ ትርንጎን አገኛቸዋለሁ። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ገብተው ሲወጡ በዋናው በር አይመለሱም፤ ቅጥሩን ዞረው ወደ ቁልቋሉ ይሄዱና ይሰግዳሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔን ሲያዩ ይስሙኛል። ልጆቼን ይመርቃሉ። ቀን አልፎ ቀን ሲተካ ሰው ነገሩን ረሳው። እሳቸውና እኔ ብቻ አልረሳነውም፤ እሳቸው ስላላወቁት፣ እኔ ስላወቅሁት።

አባቴ ሲታመም ወደ ቤቴ አመጣሁት። አንድ ረፋድ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ጠራኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"እልፌ" አለኝ፣ "ያን ቀን እኔ ጥሩምባ አልሰማሁም።"

የጋቢውን ጫፍ ትከሻው ላይ መለስኩለት።

"ለሽማግሌዎቹ ሰምቻለሁ አልኩ። በታቦት ማልኩ። ነጠላሽን ሳይ ነፍታለች ማለት ነው ብዬ እንጂ ጆሮዬ አልሰማም። ሁልጊዜ እሰማው ነበር፤ ያን ቀን አልሰማሁም። ነፋሱ ይሆናል ብዬ ነው። ነፋሱ ነው፣ አይደል?"

"ነፋሱ ነው አባዬ።"

"ነፋስ ነበረ ያን ቀን?"

"ነበረ።"

ዓይን ዓይኔን ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ "እሺ" አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለእኔ ሲል በሐሰት መማሉን ያውቅ ነበር፤ መንፋት አለመንፋቴን ግን እርግጠኛ ሳይሆን ሞተ። እርግጡን ልሰጠው እችል ነበር። ልጄ ሆይ፣ አጠፋሽ ይለኝ ነበር፤ አብረን እናለቅስ ነበር፤ ቄስ እንጠራ ነበር። ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ግድቡን ከፍ ሊያደርጉት መጡ። መሐንዲሶች በአሮጌው ግንብ ላይ አዲስ ሊጨምሩ፣ ውኃውን ወደ ላይ ሊያወጡት ነው። ምልክት ተከሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ይተርፋል፤ ቅጥሩም ይተርፋል። ቁልቋሉ ግን ከምልክቱ በታች ነው።

እማማ ትርንጎ በዚያ ዕድሜያቸው ሚኒባስ ተሳፍረው መሐል ሜዳ ቤቴ ድረስ መጡ። መቀመጫ ስሰጣቸው እንኳ አልተቀመጡም።

"ውኃው ሊያገኛት ነው" አሉኝ። "አንዴ የበላት ውኃ ደግሞ አጥንቷን ሊበላ ነው። ወደ ውስጥ አስገቡልኝ ብል እምቢ አሉኝ። አንድ ዲያቆን ግን መከረኝ፤ ያበደ ሰው ራሱን ቢገድል አይቆጠርበትም፣ ይፈታል ብሎ። አንቺ የተማርሽ ነሽ። መጨረሻም ያየሻት አንቺ ነሽ። አእምሮዋ ታውኮ ነበር ብለሽ ማመልከቻ ጻፊልኝ።"

እኒያ ሴት ናቸው! ልጄ ጠጉር እያጠበች ነበር ብለው በሰው ሁሉ ፊት የቆሙት ሴት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተረቱ። ልጄ ራሷን አልገደለችም ማለቱን ተዉት፤ አብዳ ነው በሉልኝ ብለው ለመኑ። ወደዚያ የገፋኋቸው እኔ ነኝ። ያን ጊዜስ ልናገር አልችልም ነበር? ወረቀቱ ፊቴ ነው፤ ብዕሩ በእጄ ነው። "ጥሩምባው አልተነፋም" ብዬ አንድ መስመር ብጽፍ አስካለ በክብር ትገባ ነበር።

"አእምሮዋ የታወከ ለመሆኑ የዓይን ምስክር ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነው። የሰበካ ጉባኤው ጠርቶ ሲጠይቀኝ "ዓይኗ ልክ አልነበረም" አልኩ። አመኑኝ። እኔን መቼ ሳያምኑኝ ቀርተው ያውቃሉ?

አስካለን አወጧት። አጥንቷን የተቀበልንበትን አዲስ አቡጀዲ ጫፉን እኔ ያዝኩ፤ በሌላው ጫፍ እማማ ትርንጎ ነበሩ። ፍትሐት ተፈታላት። ከቅጥሩ ውስጥ ገባች። እናቷ ሲያበቃ ወደ እኔ መጡና ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሊስሙ ሲሉ ያዝኳቸው። "አንቺ ባትኖሪ ማን ነበረኝ" አሉኝ። እግዚአብሔር ምድርን አልከፈተልኝም። ቆሜ ተመረቅሁ።

ከዚያ በኋላ መተኛት አቃተኝ። አንድ ቀን እወስናለሁ፤ ሌላ ቀን እተወዋለሁ። በመጨረሻ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ወረድኩ። ለእሳቸው ብቻ ልነግራቸው። እማማ ትርንጎ ደጃፋቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ገብስ ያነፍሳሉ። ጎናቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ። "እማማ" አልኩ፣ "ያን ቀን አልነፋሁም።"

ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። "ምን አልሽ ልጄ? ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።"

ጎረቤቶቹ ቀና አሉ። አንዲት ሴት ሰፌዷን አቁማ አየችኝ።

"ደህና ነዎት ወይ ነው ያልኩት" አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

"ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ደህና ነሽ?"

ፍልሰታ ሳትፈታ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ምናልባት ዝም ብዬ እኖር ነበር። የሞቱት ሞተዋል፤ አስካለም ከቅጥር ውስጥ ናት እያልኩ። ግን አላለቀም። አስካለ አንድ ወንድም አላት፤ የወንድሟ ልጅ ሰናይት የእኔ ተማሪ ነበረች። ዘንድሮ ታጭታ ነበር። የእጮኛዋ ቤተ ዘመዶች ዘር ሲያጣሩ ማመልከቻዬን አገኙት። ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ውስጥ ነው፤ በቆንጆ ጽሕፈት፤ ፊርማዬ ከሥሩ። አክስቷ አብዳ ራሷን የገደለች ልጅ አናገባም አሉ። ሽምግልናው ፈረሰ።

ትናንት የአስካለ ወንድም ትምህርት ቤት መጣ። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ልጁ ምግብ አልቀምስ ብላ እንደተኛች ነገረኝ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

"መምህርት፣ እኔ ያን ጊዜ ለሥራ ቆላ ወርጄ ነበር፤ አልነበርኩም። እህቴን ግን አውቃታለሁ። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። አብዳ ነበር?"

ደወል ተደወለ። ልጆቹ እየተንጫጩ ገቡ። "ነገ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ" አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እሱም አመሰገነኝ።

ይህን የምጽፈው በማለዳ ነው፤ ሚኒባሱ ከመነሣቱ በፊት። ብፈራስ? እዚያ ደርሼ፣ ፊቱን አይቼ፣ እንደ ልማዴ ሌላ ቃል ቢወጣኝስ? አፌን አላምነውም። በተጠየቀ ቁጥር የካደ አፍ ነው። ስለዚህ ማታውኑ ጥፋቴን በወረቀት አሰፈርኩት፤ አንዱን ቅጂ ለመምሬ ጥበቡ ልጅ፣ ለአሁኑ ቄስ፣ ልኬዋለሁ። ከእንግዲህ ወደ ኋላ ብል እንኳ ወረቀቱ ወደ ኋላ አይልም።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ለመማር የበቃሁ ሰው ነበርኩ። ፈርቼ ነው አልልም፤ አስካለም ውኃው ሲመጣ ፈርታለች። ይቅር በሉኝ ልላቸው የሚገባኝ ሦስት ሰዎች አፈር ውስጥ ናቸው፤ ከሌላ ሰው ይቅርታ ብቀበል ሌብነት ይሆንብኛል። ሰናይት ብትረግመኝ ትርገመኝ። አባቷ ቢከሰኝ ይክሰሰኝ፤ ጠበቃ አላቆምም።

እናንተ ግን ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ በዘመሮም ሆነ በመሐል ሜዳ፣ የዚያች ሴት ስም ከተነሣ እንዲህ በሉልኝ። አስካለ አላበደችም። አስካለ ራሷን አልገደለችም። ቀና ብላም አላየችኝም፤ እኔ እዚያ አልነበርኩም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እልፍነሽ ደምሴ።